የመስታወቱ ጨለማ

አሰላ ውስጥ ያገባ፣ የተመረቀ ወይም ልጁን ክርስትና ያስነሳ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በሆነ ጊዜ የፎቶ አንሺዋን የታየች ደበላን “ትንሽ ቀና በል፣ እንደሱ፣ አትተንፍስ” ሰምቷል። ፎቶ ቤቷ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ የእህል መደብር ጎን ናት። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ባሕር ተሥሏል። ሠዓሊው ባሕር አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ማዕበሎቹ የጭላሎን ተራራ ይመስላሉ። እኔና የታየች አንድያ ልጅ ፈናን ከዚያ ባሕር ሥር ተቀምጠን የቤት ሥራ ስንሠራ ነው ያደግነው።

ታየች ሙያውን ከአጎቷ የተማረችው በፊልም ዘመን ነው። ያኔ ፊልም እንደ ዘር ስንዴ ይቆጠብ ነበር፤ ስለዚህ “አንድ ነገር፣ አንድ ፎቶ” የሚል ሕግ አላት። ዲጂታል ከመጣ በኋላም ሕጉን አልለወጠችም። ሌሎች አንሺዎች እንደ በቆሎ ቆሎ ሲያንጣጡ እሷ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ቀጭ ታደርጋለች። ሰዉም ያችን ድምፅ ለምዷል። እስክትሰማ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከሰማ በኋላ ይስቃል፣ ያስነጥሳል፣ ክራቫቱን ያላላል።

በዚህ ዓመት ጥር መጀመሪያ ላይ አሮጌዋ ካሜራዋ አንድ ክርስትና መሀል ሞተች። ባሏ ኤቢሳ የኮምባይነር መካኒክ ነው። በትንንሽ ካቻቢቴዎቹ ፈታታትና ብርሃን ላይ አድርጎ አያት።

“ነክሳለች” አለ፣ ስለ ሞተር እንደሚያወራ። “አትነሳም።”

ነገሩ በሌላ ጊዜ ቢሆን ቀላል ነበር። የፈናን ሰርግ ግን ለጥር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር። ታየች ደግሞ የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ስታነሳ ኖራ፣ የገዛ ልጇን ሽኝት በሌላ ሰው እጅ ልትተው አልፈለገችም።

ሚፍታ ገበያው አጠገብ የስልክና የካሜራ ሱቅ አለው። ሁለት ካሜራ መስታወት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠላት። አንዷ ዲኤስኤልአር ናት፣ እንደ ድሮዋ ወፍራም፣ ከባድ፣ ውስጧ መስታወት ያላት። ሁለተኛዋ ሚረርለስ ናት፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ውስጧ ባዶ።

“እትዬ፣ ወላሂ ይቺን ውሰጂ” አለ ሚፍታ ቀጭኗን እየነካካ። “የዘመኑ ናት። ድምፅ የላትም። ስታነሺባትም ዓይኗን አትጨፍንም።”

“ሆዷ ውስጥ ምን አለ?” አለ ኤቢሳ።

ሚፍታ ሌንሷን ፈታና አሳየው። ኤቢሳ ደነገጠ። “ይሄ እኮ ራቁቱን ነው! በአጨዳ ጊዜ ኢተያ ይዛው ብትሄድስ? ብናኝ ይገባበታል። ፊልትሮ የለውም?”

“ጋሽ ኤቢሳ፣ ካሜራ ናት እኮ፤ ትራክተር አይደለችም።”

“ትራክተር ብትሆን ኖሮ አንተን አልጠይቅህም ነበር።”

ታየች አልሳቀችም። ሁለቱንም እያነሳች በዓይኗ ትሞክራለች። ስለ ሌንሶቿ አሰበች፤ ያሏት ሁሉ የሚገቡት ለባለመስታወቷ ነው። ስለ ባትሪ አሰበች፤ ቀጭኗ ቶሎ ትጨርሳለች፣ የአሰላ መብራት ደግሞ የፈለገ ዕለት ይመጣል፣ የፈለገ ዕለት ይቀራል። ነገሩ ሁሉ ወደ ባለመስታወቷ ያደላ ነበር። ሚፍታ ግን ደንበኛውን ያውቃል። “ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ፣ ሰርግ ላይ ፈትኚያቸው። አንዷን ትመልሽልኛለሽ” አላት።

የፈተናው ሰርግ ኢተያ ነበር፤ ሙሽራዋ የአጎቴ ልጅ ስለነበረች እኔም ሄጃለሁ። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል የአባቷን የአቶ ወልደ ጊዮርጊስን ጉልበት ልትስም ተንበረከከች። አጎቴ ወልደ ጊዮርጊስ ካባ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጢማቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ታየች ቀጭኗን ካሜራ ይዛ ፊት ለፊት በርከክ አለች። ሙሽራዋ ሳመች። ተነሳች። አጎቴ ግን አልተንቀሳቀሱም። ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ፊታቸው እየቀላ ይጠብቃሉ።

“አባባ፣ አለቀ እኮ” አላቸው አንድ ሚዜ።

“የታለ? ቀጭ አላለችም!” አሉ ጥርሳቸውን ሳይከፍቱ።

“ድምፅ የላትም፣ አባባ።”

“ድምፅ ከሌላት መነሳቴን በምን አውቃለሁ? ልጄ ታየች፣ ሞታብሽ እንዳይሆን!”

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ታየች ግን እንደ ተንበረከከች ቀርታለች። ካሜራዋ ወደ ደረቷ ወርዳለች። ፊቷን ሳይ ያመማት መሰለኝ። ከዚያ ተነሳችና ባለመስታወቷን ከቦርሳ አወጣች፤ የቀረውን ሰርግ በሙሉ በእሷ አነሳች።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ፣ የታጨደው የስንዴ ማሳ እስከ ተራራው እግር ድረስ ወርቅ ሆኖ ነበር። ምን እንደነካት ጠየቅኳት።

“መስታወት ያላት ካሜራ እንዴት እንደምትሠራ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። “የምታይው በመስታወቱ ነው። ፎቶው እንዲነሳ ግን መስታወቱ ከመንገድ መነሳት አለበት። እሱ ሲነሳ ዓይንሽ ላይ ይጨልማል። ትንሽ ጨለማ ናት፤ እንደ ዓይን ጥቅሻ። ፎቶው የሚነሳው ግን በሷ ውስጥ ነው። ከሷ በፊት ያለውን አያለሁ። ከሷ በኋላ ያለውንም አያለሁ። ያነሳኋትን ቅጽበት ራሷን ግን አይቻት አላውቅም።”

“አንድም ጊዜ?”

“አንድም ጊዜ። እስከ ዛሬ።”

መስኮቱን ተደገፍኩ። በከተማችን ሳሎኖች ውስጥ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ሁሉ አሰብኩ፤ የመጀመሪያ መሳሞችን፣ የምረቃ ቆቦችን፣ ውኃ ሲነካቸው የሚያለቅሱ ሕፃናትን። ያን ሁሉ ያስቀመጠችልን ሴት፣ እያንዳንዱን ስታስቀምጥ ጨለማ ውስጥ ነበረች። ሰው ያላየውን ነገር ይህን ያህል አሳምሮ ሊይዝ ይችላል? ይችላል፤ አጠገቤ ተቀምጣ የሌንስ ክዳን ታጸዳለች።

“ዛሬ አየሁት” አለች። “ከንፈሯ የአባቷን ጉልበት ሲነካ፣ የሱ አውራ ጣት የከዘራውን እጀታ ስትጫን። ሁሉም ነገር እዚያው ነው፣ አይጠፋም። እጄ ከዳኝ፤ ሳልጫነው አለፈ።”

“ታዲያ ይሄ ጥሩ አይደል?”

“ለሌላ ሰው ልጅ ሰርግ ጥሩ ነው።” ክዳኑን ገጠመችው። “እኔ እኮ በዚያች ጨለማ ውስጥ ነበር የምደበቀው። ወንድሜ ሲቀበር ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያቺ ጨለማ ባትኖር ቆሜ አልጨርስም ነበር። እንግዲህ ፈናን ስትንበረከክ በቀጭኗ ካየሁ፣ እጄ ይከዳኛል፣ ፎቶውም ይቀራል። በባለመስታወቷ ካነሳሁ ፎቶው ይኖራል፤ እኔ ግን አላየኋትም።”

ይህ ከሆነ በኋላ የሌንሱም የባትሪውም ክርክር ለኔ ትርጉም አጣ። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ክርክር ተነሳ።

“እማ፣ አንቺ እናት ሁኚ” አለች ፈናን። “ሌላ ሰው ያንሳ።”

“ማን? ያ ቆሎ አንጣጪው?”

“ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ጉልበትሽን መሳም አለብኝ እኮ! ጉልበትሽን ፍለጋ ከካሜራ ኋላ ልዙር?”

“ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አነሳለሁ።”

“አባ፣ አንድ ነገር በላት!”

“እኔ ስለ ብናኙ ተናግሬያለሁ” አለ ኤቢሳ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሁለቱ ካሜራዎች አልጋው ላይ ነበሩ። ታየች ባለመስታወቷን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ቁርጥ ያለ ነገር መሰለ። ፈናን ቬሏን አድርጋ ከጓዳ ወጣች፤ ታየችም ብርሃኑን ለመለካት አንዴ አነሳቻት። ቀጭ።

ካሜራዋን ዝቅ አደረገችና ልጇን አየቻት። “አሁን ምን አደረግሽ?”

“ምንም። ሳቅኩ።”

“መቼ?”

“አሁን፣ ስታነሺኝ።”

“አላየሁትም” አለች ታየች። ካሜራዋ ጀርባ ያለውን ትንሽ መስኮት አየች፤ ሳቁ እዚያ ነበር፣ ሙሉ፣ ጥርስና ጉንጭ ያለው። እሷ ጋ ግን አልደረሰም። ማሰሪያውን መልሳ ከአንገቷ አወጣች፤ ባለመስታወቷን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ቀጭኗን ያዘች።

ግቢው ውስጥ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጧል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጸለዩ፤ መዘምራኑ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከአቦምሳ የመጡት የሙሽራው ወገኖች በሩ ላይ ቆመዋል። ኤቢሳ አዲስ ሱፍ ለብሷል፤ እጆቹ ግን ያው የኮምባይነር መካኒክ እጆች ናቸው፣ በየትኛውም ሳሙና የማይለቅ ጥቁር ዘይት በጣት መስመሮቹ ውስጥ አለ። ታየች አጠገቡ ተቀምጣ፣ ወደ እሱ ዞራ፣ ካሜራዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ ከፈናን ኋላ የቬሉን ጫፍ ይዤ ነበር።

ፈናን ተንበረከከች። የአባቷን አንድ ጉልበት ሳመች፣ ሌላውን ሳመች። ኤቢሳ ያን ጥቁር እጁን ነጩ ቬል ላይ ሊያደርግ ፈራ፤ አየር ላይ አቆየው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አሳረፈው። ሰዉ ሁሉ ድምፅ ይጠብቃል። ምንም ድምፅ አልነበረም። ከመዘምራኑ ዝቅተኛ ዜማ በቀር ምንም።

ፈናን ሳትነሳ፣ በጉልበቷ እየሄደች፣ ወደ እናቷ ዞረች።

“እማ” አለች።

ታየች ካሜራዋን ከዓይኗ አልለየችም። ፈናን ቀረበች፣ ቀረበች፤ ከዚያ ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች። ያኔ የታየች አንድ እጅ በራሱ ጊዜ ወርዶ የልጇ ራስ ላይ አረፈ። ካሜራዋ በሌላው እጇ ውስጥ ተንጠልጥላ ቀረች።

“ዋቀዮ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ ኢንተለ ኮ” አለች። እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልጄ።

መኪናዎቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ ወደ አቦምሳ ከሄዱ በኋላ ግቢው በድንገት ሰፋ። ወንበር ሲሰበሰብ፣ ድስት ሲታጠብ ታየች ደረጃው ላይ ተቀምጣ ካሜራዋን ሳትከፍት ይዛታለች። እኔና ኤቢሳ አጠገቧ ሄድን።

“አላነሳሁም” አለች። “ሁሉንም አየሁ። እንዲህ አድርጌ አይቼ አላውቅም። ግን ጣቴን አላስታውሰውም። አልጨለመም፣ ድምፅም አልሰማሁም። አልተጫንኩትም መሰለኝ። የሰውን ሁሉ ልጅ አንስቼ የራሴን አላነሳሁም።”

“ክፈቻት” አለ ኤቢሳ።

“እፈራለሁ።”

“ክፈቻት እንጂ፣ አቦ!”

ከፈተቻት። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ፈናን ቆማለች። ሁለተኛው ላይ ጉልበቷ ትንሽ ታጥፏል። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ተጨማሪ። ታየች ፎቶ የሚያገላብጠውን ትንሽ ጎማ አዞረች፤ አላለቀም። እንደገና አዞረች፤ አላለቀም። ጣቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመጫኛው ሳይነሳ ቆይቷል፤ ካሜራዋም ያለ ድምፅ እያከታተለች አንስታለች። አንድ ነገር፣ አንድ ፎቶ የምትለው ሴት፣ ከመጎንበስ እስከ መሳም ያለውን መንገድ ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር ይዛዋለች። የኤቢሳ እጅ አየር ላይ ነው። አሁንም አየር ላይ ነው። ትንሽ ወረደ። ዘይት የነከረው ጣት ቬሉን ነካ።

“ይሄን አጥፊው” አለ ኤቢሳ።

“የትኛውን?”

“የማለቅስበትን።”

ታየች ወደ ፊት አዞረች፣ ወደ ኋላ አዞረች። “ሁሉም ላይ ታለቅሳለህ እኮ።”

“ብናኝ ነው” አለ።

ፎቶዎቹ ላይ ፈናን በጉልበቷ ወደ እኛ መጣች። ፊቷ ሰፋ፣ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ፣ ከዚያ መስኮቱ በሙሉ ነጭ ሆነ። ያለቀ መስሎን ነበር። ቀጣዩ ላይ ግን ካሜራዋ ተንጠልጥላ፣ ዓለም ተጋድሞ፣ አንድ እጅ በአንድ ራስ ላይ አርፎ ታየ። ቆዳው የደረቀ፣ ጥፍሩ አጭር፣ የጋብቻ ቀለበት ያለበት እጅ።

ታየች ወደ ፊቷ አቀረበችው። “ይሄ የማን ነው?”

የራሷን እጅ ካሜራው መስኮት ላይ ካለው ጋር አስተያየችው። ከተማዋን ሁሉ ስታነሳ ኖራለች፤ እሷን ግን ማንም ሲያነሳት አይቼ አላውቅም። አሁን የራሷ እጅ የልጇ ራስ ላይ አለ፣ አይጠፋም፤ ያነሳችውም እሷው ናት፣ በዚያች ቅጽበትም አይታዋለች።

“ባለመስታወቷን ለሚፍታ እመልስለታለሁ” አለች ዓይኗን ሳታነሳ።

“ብናኙስ?” አለ ኤቢሳ፤ ግን ለመከራከር አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን በትከሻው ነካት። “እስቲ ወደ ኋላ መልሻት።”

ታየች ጎማውን ወደ ኋላ አዞረች። ፈናን ከእናቷ ጉልበት ቀና አለች። በጉልበቷ ወደ ኋላ እየተመለሰች ወደ አባቷ ሄደች፤ የአባቷ እጅ ከቬሏ ላይ ተነሳ፤ እሷም ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ ቆመች። ግቢው መሀል፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ገና ለመንበርከክ ትንፋሿን ስትስብ።

ታየች እዚያ ላይ ጎማውን ያዘችው።

“እዚህ ጋ ገና አልሄደችም” አለ ኤቢሳ።

“ገና ናት” አለች ታየች።