አምባዛውን ማን ያዘው

ዓሣውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ይህን ወሬ ከመካነ ሰላም ወረኢሉ በሚሄደው አውቶቡስ ሁሉ ላይ ሲያወራው ኖሯል። እኔ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬን ጨዋነት ነው ብለው ያመሰገኑኝ አሉ። ጨዋነት አልነበረም፤ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ስሙን አልጠራም። እሱም ከተጋባን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «የወንድሜ ሚስት» ነኝ። ስለዚህ እሱ እዚህ «ዋርሳዬ» ይሆናል፤ እኩል ነን።

ከከተማው በታች ያለው ውኃ ግድብ ነው፤ እኛ ግን ሐይቅ እንለዋለን። ቀን ቀን ከገበያ አይለይም። በአንድ በኩል ባጃጅ ይታጠባል፤ በሌላው ልብስ ይታጠባል፤ ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይሰለፋሉ፤ ዳር ላይ ያሉት ግሮሰሪዎች ሙዚቃቸውን ውኃው ላይ ይለቃሉ። ቆሮሶ የሚባለው ትንሹ ዓሣ ግርግሩን ለምዶታል፤ ቀንም ይያዛል። አምባዛው ግን ትልቅ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ጢም አለው፤ እንደ ሽማግሌም ጫጫታ አይወድም። ከዓባይ በረሃ በጄሪካን ያመጣው ሰው አለ ይባላል። ቀኑን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ግሮሰሪዎቹ ሲዘጉ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ድረስ ይመጣል።

ይህን ያሳየችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ሙስሊም ናት፤ ከእህት ትበልጥብኛለች። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንድ ማታ መንጠቆና ሲባጎ ይዛ መጣች። መንጠቆው ላይ የተሰካው የልብስ ሳሙና ነው።

«ዓሣ ሳሙና ይበላል?» አልኳት።

«ወላሂ ይበላል። ከኔ ልጆች ይሻላል፤ እነሱ ሲያዩት ነው የሚሸሹ።»

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አብረን መውረድ ጀመርን። ባለቤቴ ጅብ እንዳይተናኮለን ባትሪ ይዞ ይከተለናል። ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰዎች ትዕግሥተኛ ይሉታል። ከትዕግሥተኛ ሰው ጋር ኖረው ስለማያውቁ ነው። ወንድሙ እኔን በሰው ፊት ሲያናንቀኝ እሱ ታግሦ ያዳምጣል።

ታሪኩ የሆነው በገና ጾም ነው። ዋርሳዬ የማርያም ማኅበር ተረኛ ነበር። ልጁ ከአዲስ አበባ ማሽን ያለው የዓሣ ዘንግ ልካለት ስለነበር፣ ማኅበርተኛውን «ዘንድሮ ሽሮ የለም፤ በገዛ እጄ በያዝኩት ዓሣ ነው የማበላችሁ» ብሎ አስጎምጅቷል። ሳምንቱን ሙሉ ሬዲዮኑን ከፍቶ ሐይቁ ዳር ተቀመጠ። ዓሣዎቹ ዜናውን ሰምተው ሄዱ።

በማኅበሩ ዋዜማ ማታ እኛ ስንወርድ እሱ ያው እዚያው ነው።

«አንቺ ደግሞ በዚህ ሰዓት ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«ልብስ ላጥብ ነው ጋሼ።»

«በጨለማ?»

«ቀን ሰው ይበዛል።»

ሳቀ። ዓሣ ማጥመድ የወንድ ሥራ መሆኑን፣ ትዕግሥት እንደሚፈልግ፣ ሴት ደግሞ ወሬ ሳታወራ መቀመጥ እንደማትችል አስረዳኝ። እሱ ይህን ሲያስረዳ፣ ወሬ ሳላወራ በያዝኩት ሲባጎ አንድ ነገር ሳበኝ።

ቆሮሶ ሲስብ ልጅ ቀሚስ እንደሚጎትት ነው። ይህ ግን በሬ ነበር። በጉልበቴ ድንጋዩ ላይ ወደቅሁ፤ ጫማዬ አንዱ ሐይቅ ገባ። ጎረቤቴ ከኋላ ወገቤን አቅፋ ትጮሃለች፤ «ያዥው! ልቀቂው! ኧረ ያዥው!» ባለቤቴ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራብኝ።

«ውኃውን አብራ! እኔን ምን ታያለህ?»

«ደኅና መሆንሽን ብዬ ነው» አለ።

በመጨረሻ ሲባጎውን ነጠላዬ ላይ ጠቅልለን ሁለት ሴቶች ወደኋላ እየሄድን አወጣነው። አምባዛ ነው፤ ጥቁር፤ ጢሙን እያወናጨፈ ያጉረመርማል። «ማሻአላህ!» አለች ጎረቤቴ። ዋርሳዬ ሬዲዮኑን ዘጋ። በዚያ ሳምንት ሬዲዮኑን ሲዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ይህን ለኔ ስጪኝ» አለ። «ነገ ምን ላበላ ነው?»

«ጋሼ፣ ይኼ አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፤ የኛ ሃይማኖት አይፈቅደውም። ለጎረቤቴ ብዬ ነው የያዝኩት።»

«ዓሣ ዓሣ ነው! ደግሞ አንቺ ሃይማኖት ልታስተምሪኝ ነው?»

እንቢ ልል ነበር። ደጓ ጎረቤቴ ግን ቀደመችኝ። «አብሽሪ፣ ስጪያቸው። ሐይቁ የትም አይሄድ፤ እኛ ሌላ ቀን እንይዛለን። ማኅበርተኛ ሰብስበው ከሚዋረዱ።»

«እንግዲያው አንድ ቃል ይግቡልኝ» አልኩት። «ማን እንደያዘው ለማኅበሩ ይናገሩ።»

«በማርያም!» አለ፤ ዓሣውን አስቀድሞ ታቅፎታል።

በማግስቱ ቤተ ዘመድ ነሽና አሳልፊ ተብዬ ሄድኩ። ዓሣው ተቆራርጦ ተጠብሷል፤ የተረፈው ወጥ ሆኗል። ማኅበርተኛው በጸሎት ተቀመጠ፤ የንስሐ አባታችን ባረኩ፤ መብላት ተጀመረ። ዋርሳዬ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣና ተናገረ።

እንዴት እንደያዘው ተናገረ! ዘንጉ እንዴት እንደጎበጠ፣ ጨለማው ውስጥ ብቻውን እንዴት እንደታገለ፣ ድንጋዩ ላይ እንዴት እንደወደቀ። የጉልበቴን ቁስል እንኳ ወሰደብኝ፤ ለማሳመን ሲራመድ ያነክስ ነበር። እጆቹን ዘርግቶ የዓሣውን ርዝመት ሲያሳይ በግራና ቀኝ የተቀመጡት ጎንበስ አሉ። እኔ የወጥ ድስት ይዤ በሩ ሥር ቆሜአለሁ። ባለቤቴን አየሁት። ታግሦ ይበላል።

የንስሐ አባታችን በጣም ወደዱት። ጣታቸውን እየላሱ፣ «እጅህ ይባረክ» አሉ። «ለመሆኑ ቅርፊቱን እንዴት አራገፋችሁት? እኛ ቤት ዓሣ የገባ ቀን ቅርፊቱ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ይለጠፋል።»

«የምን ቅርፊት አባ!» አለ ዋርሳዬ፣ ደረቱን ነፍቶ። «የእኔ ዓሣ ቅርፊት የሚባል ነገር የለውም። ገላው እንደ ሕፃን የለሰለሰ ነው!»

አፉ ውስጥ ያለውን የሚያደርግበት የጠፋው ብዙ ነው። አባ እጃቸውን ከገበታው ላይ ቀስ ብለው አነሡ።

«አምባዛ ነው ያበላኸን?»

ዋርሳዬ ዙሪያውን አየ። ከዚያ እጁን ወደኔ ቀሰረ። «እሷ ናት! እሷ ናት የያዘችው! የእኔ ዘንግ አልነካውም!»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ለካ ሰው እውነት የሚናገረው ሲጨንቀው ነው። «አንቺ ነሽ?» አሉኝ አባ። አይደለሁም ብል ዓሣውም ኃጢአቱም እሱው ጋ ይቀሩ ነበር። ነኝ ብል ሁለቱም የኔ ናቸው። አንዱን ትቶ አንዱን መውሰድ አልተቻለም። ድስቱን አስቀመጥኩ፤ እጄን ጠረግሁ።

«አዎ አባ፣ እኔ ነኝ። አምባዛ መሆኑንም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ውሸቷን ነው! አልነገረችኝም!» አለ ዋርሳዬ።

አባ ባለቤቴን አዩት። እኔም አየሁት። እንደ ልማዱ ሳህኑን ሊያይ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ቀና አለ።

«እኔ ባትሪ ይዤ ነበር» አለ። «ስትነግርህ ሰምቻለሁ።»

እስኪ ይህን ካወቅህ ለምን በላህ ብዬ ቤት ከገባን በኋላ ጠየቅሁት። «ተቀርቦ ነበር» አለኝ። ይሁን፤ የዚያን ዕለት ይቅር አልኩት፤ ለአንድ ቀን።

አባ ለበላው ሁሉ ስግደት አዘዙ፤ የራሳቸውን እጥፍ አደረጉት። ወደኔ ዞረው «አንቺስ?» አሉ።

«እኔ ጓዳ ሽሮ ነው የበላሁት አባ።»

ተግሣጽ እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ በምን ያዝሽው?» አሉ።

«በልብስ ሳሙና።»

«እንግዲያው ሆዴ ታጥቧል» አሉ። «የቀረችው ነፍሴ ናት።» ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ማኅበርተኛው ተከተላቸው። ዋርሳዬ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ማነከሱንም ረስቶታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣውን እኔ ያዝኩት ብሎ አያውቅም። በተገኘበት ሁሉ፣ በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በአውቶቡስ፣ «የወንድሜ ሚስት ናት የያዘችው» እያለ ይምላል። ልመና ያላስገኘልኝን ምስክር ክስ አስገኘልኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ገበያ ላይ አቁመው የዓሣዋ ሴትዮ አንቺ ነሽ ወይ ይሉኛል። ነኝ እላለሁ።

ታዲያ ምን አስጻፈኝ? ይኸውና። ዓሣው የእሱ በነበረ ጊዜ ሁለት ክንዱ አልበቃው ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ያስጎነብስ ነበር። የኔ ከሆነ ወዲህ ግን በየዓመቱ እያነሰ ሄደ። ዐምና የክንድ ያህል አደረገው። ባለፈው ሰርግ ላይ በጆሮዬ ሰማሁት፤ መዳፉን ዘርግቶ «ይህችን የምታህል ናት» አለ፤ ቆሮሶ አደረጋት።

አይደለም። ድንጋዩ ላይ በጭራው አቁሜ ከራሴ ጋር ለክቼዋለሁ። ከእግሬ ጀምሮ መቀነቴ ድረስ ይደርስ ነበር። እኔ ደግሞ አጭር ሴት አይደለሁም።