«ባይሆንስ?» የሚሉት ሟርት

ትናንት ከሰዓት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶን ሄድኩ። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ የኛ አገር ሰው ልጆቹን የሚልክበት ትምህርት ቤት ነው። አጀንዳው አንድ ብቻ... የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ይሁን ወይስ የፈለገ ይማረው?

አጠገቤ የተቀመጡ ባለከረባት አባት ብድግ አሉ።

«ልጅ ገና በጠዋቱ ስለ ብድርና ዕዳ ከሰማ ዓይኑ ይፈጣል። የፈለገ ይማር፣ ያልፈለገ ይተወው፤ ኻላስ፣ አለቀ!»

ተጨበጨበላቸው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም፣ ታውቁኛላችሁ። እጄን አወጣሁና «ስለ አንድ ቀሚስ ላጫውታችሁ» አልኩ።

በረሃቡ ዘመን ከጎንደር ገጠር ወጥተን ሱዳን ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ስንገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባታችን መንገድ ላይ ቀርቷል። የተረፍነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ጥሩዬ ነን። ለሁለታችን የነበረን አንድ ቀሚስ ነው። ዛሬ እኔ ለብሼው ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ነገ እሷ። ተራ ያልደረሳት የእናቴን ነጠላ ተጠቅልላ ድንኳን ውስጥ ትውላለች።

ትምህርት ቤቱ የሣር ዳስ ነው። መምህራችን ጋሽ በሪሁን ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ የመነጽራቸው አንዱ ዓይን የተሰነጠቀ። ፊደል ከማስቆጠራቸው በፊት ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ያስጮሁናል።

«ሰው ገንዘብ ይዞ መጥቶ ፈርሙ ሲላችሁ ምን ትሉታላችሁ?»

«ስንት? እስከ መቼ? ባይሆንስ?»

ወላጆች አልወደዱላቸውም። በተለይ ሦስተኛዋን። በኛ አገር ሰው በሰላም ይዞት የመጣውን ጉዳይ «ባይሆንስ?» ማለት ሟርት ነው። እናቴማ «ይኸ ሰውየ ፊደል አስተምር ብንለው ሟርት አስተማረብን» እያለች ታማቸው ነበር።

አንድ ቀን ዶካ ለሚባል ቦታ የሰሊጥ እርሻ ሠራተኛ የሚመለምል ወኪል ድንኳናችን መጣ። ከኛ ቀድሞ ሱዳን የገባ የአገራችን ሰው ነው። ውሃ ጠጣ፣ ስለ አገር አወራ፣ ከዚያ ብር፣ የሚፈረምበት ወረቀትና የጣት ቀለም አወጣ።

«እትየ፣ ይኸ ቀብድ ነው። ሰሊጡ ሲደርስ መጥተሽ ታጭጃለሽ። እስከዚያ የራሽን ካርድሽ እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ ለመተማመኛ ያህል። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

እናቴ ገንዘቡን አየች። ቀጥላ ነጠላ የተጠቀለለችውን ጥሩዬን አየች። ሁለተኛ ቀሚስ ማለት ነው እኮ! ካርዱ ደግሞ እህላችን ነው፤ እሱን ያልያዘ ሰው አንድ ጣሳ ማሽላ አይሰፈርለትም። ግን ሰውየው የአገር ልጅ ነው፣ ምን ብላ ትጠይቀው? አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች።

የዚያን ቀን ቀሚሱ የኔ ተራ ስለነበር ገና ከትምህርት ቤት መመለሴ ነው። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም...

«ስንት?» አልኩት።

ሳቀና ነገረኝ።

«እስከ መቼ?»

«ሰሊጡ ታጭዶ እስኪያልቅ።»

«ባይሆንስ?»

«አንች ሟርተኛ! በእንግዳ ፊት!» አለች እናቴ። የምትገባበት ጠፋት።

ሰውየው ግን ሳቁን አቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ልጅ ጠይቆት መዋሸት አልሆነለትም። መሬት መሬት እያየ «ሰሊጡ ከጠፋማ... ቀብዱ እስኪመለስ ካርዱ እኔው ጋ ይቆያል። ራሽኑንም የማወጣው እኔ ነኝ» አለ።

እናቴ ጣቷን ከወረቀቱ መለሰች። ቀለሙን የምትጠርግበት ብታጣ ግንባሬ ላይ ጠረገችው። ቁጣ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ «ካርዴንስ አልሰጥም፣ ልጀ። ውሃ ልድገምህ?» አለችው።

ያን ክረምት ዝናቡ ሱዳንንም ከዳ። ሰሊጡ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ካርዳቸውን ያስያዙ ጎረቤቶቻችን ባዶ ጣሳ ይዘው የራሽኑን ሰልፍ ከሩቅ ሲያዩ ትዝ ይለኛል። እናቴ ከኛው ማሽላ እየቀነሰች ለአንዷ ታካፍል ነበር። በዚያች ካርድ ሦስታችንም ነፍሳችን ተረፈ፤ ቀሚሱንም እንደለመድነው በተራ ለበስነው።

ኋላ ጋሽ በሪሁንን ጠየቅኳቸው፤ «ለምንድን ነው በየቀኑ ያንኑ የሚያስደጋግሙን?»

«በተራ እየለበሳችሁ እንደምትመጡ የማላውቅ መሰለሽ? ዛሬ ብቻ ብናገረው የነገዋ ሳትሰማው ትቀራለች» አሉኝ።

ትናንት እዚህ ጋ ስደርስ እንባዬ ቀደመኝ። በሕይወት እያሉ አላመሰገንኳቸውም። እዚህ ልጻፈው፦ ጋሽ በሪሁን፣ እናቴንና እህቴን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ነፍስዎን በገነት ያኑርልኝ።

ባለከረባቱ አባት ራሳቸው ቀድመው እጃቸውን አወጡ። «ለሁሉም ይሁን» አሉ። ጸደቀ!

ዳይሬክተሩ ደስ ብሏቸው ወዲያው ለመማሪያ መጽሐፉ መዋጮ የምንፈርምበትን ወረቀት አዞሩ። ሰው ሁሉ ሳያነብ ይፈርማል። እኔ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና...

«ስንት? እስከ መቼ? ባይሆንስ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሟርተኛዋ ግን እስካሁን መልስ እየጠበቀች ነው።