በመስመር የተሰነጠቀ ሳቅ

ዲላ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የገባሁት ለጽዳት ነበር። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ከዚያ የተሻለ ሥራ አልጠበቅሁም። ወለሉን ወልውዬ ስጨርስ ከባለቤቱ ጀርባ ቆሜ የሠርግ ፊልም ሲቆርጥና ሲቀጥል አያለሁ። እያየሁ ለመድኩ። በሁለተኛው ዓመት እሱ ካሜራውን ይዞ ወደ ገጠር ሲወጣ ኮምፒውተሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። ደንበኛ ሲገባ ግን ብድግ ብዬ መወልወያዬን እይዛለሁ። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም፤ አፍር ነበር።

በአዲሱ ዲጂታል ካሜራ የምንቀርጸው ምስል አንድ ችግር ነበረበት። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጥርት ይላል። ሲንቀሳቀስ የፊቱና የእጁ ዳር በቀጫጭን አግድም መስመሮች ይተለተላል፤ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። በአሮጌ ቴሌቪዥን አይታይም። በኮምፒውተር ያየ ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ባለቤቱም ሁልጊዜ ያው መልስ አለው፦ "ኮምፒውተራችሁ ነው እንጂ የኛ ሥራማ ንጹህ ነው።"

እሱ ምሳ ሊበላ ሲሄድ ፕሮግራሙን እከፍትና ያሉትን ትእዛዞች ተራ በተራ እሞክራለሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ እየነካሁ ምስሉን ነው የማየው። በሦስተኛው ቀን መስመሮቹ ጠፉ። ደብተሬ ላይ "ከላይ አራተኛው፣ ሲከፈት ከታች ሁለተኛው" ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ካሜራው አንዱን ምስል የሚይዘው በሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ አንድ መስመር እየዘለለ ግማሹን፣ ወዲያው ደግሞ የቀረውን። በመሃል ሰውየው ተንቀሳቅሷል። ያ ትእዛዝ አንዱን ግማሽ ይጥልና ክፍተቱን በሌላው ይሞላል። ሲዲ ላይ እንዲገባ የፊልሙ መጠን ከመቀነሱ በፊት መደረግ እንዳለበትም ሞክሬ አየሁ። ከቀነሰ በኋላ መስመሮቹ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፣ የሚለያቸው የለም።

በዚያው ሰሞን ባለቤቱ ኮንጋ የሚባል ገጠር ሄዶ የቀረጸውን ሠርግ ይዞ መጣ። ጓደኛው አብሮት ነበር። እንደምንም ደፍሬ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ እነዚህ መስመሮች… ማጥፋት የሚቻል መሰለኝ።"

"የቱ መስመር?"

"ሲንቀሳቀሱ የሚመጣው።"

"አንቺ ደግሞ መቼ መሐንዲስ ሆንሽ? ነገ ሌላ ሠርግ አለብኝ፤ አሳንሺና በሲዲ አውጪው።"

"መሐንዲስ ከሆነችማ ቤቱን ማን ሊወለውል ነው?" አለ ጓደኛው። ሁለቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሳልነግረው ላደርገው እችል ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ያስረዝመው ነበር እንጂ ሌላ ጉዳት አልነበረውም። ለምን ዘገየሽ ተብዬ መጠየቅን ፈራሁና አሳንሼ አወጣሁት። ካሜራው የሚቀርጽበት ካሴት እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ሲዲው ለባለሠርጉ ከተሰጠ በኋላ ፊልሙን ከኮምፒውተሩ ማጥፋትና በዚያው ካሴት ላይ ሌላ መቅዳት የቤቱ ደንብ ነው። በማግስቱ የኮንጋው ሠርግ ላይ ፍስሐ ገነት ከተማ የተደረገ ሠርግ ተቀዳበት።

ዓመት ከምናምን በኋላ ጥቁር የለበሱ ሴትዮ ሲዲ በሻርፕ ጠቅልለው መጡ። የኮንጋዋ ሙሽራ እናት ነበሩ። ልጃቸው በወሊድ ሞታለች።

"የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፤ በሱ ኮምፒውተር አየናት" አሉ። "ከቤት ስትወጣ አንዱ ሚዜ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። እሷ ወደኔ ዞራ ሳቀች። እዚያች ላይ አቁሞ ፎቶ ሊያወጣልኝ ነበር፤ ፊቷ ተቆራርጧል። ስትስቅ ሌላ ፎቶ የለኝም።"

"እማማ፣ የልጁ ኮምፒውተር ነው" አለ ባለቤቱ።

"አንቺ ልጅ፣ እስቲ አንቺ እይው" አሉኝ።

ከሰዓቱን ሙሉ ታገልኩ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን አደረግሁ፤ ፊቷ ሁለት ሆነ፣ አንዱ ሳቅ በሌላው ላይ ተደርቦ ጥርሷ ጭጋግ መሰለ። ደግሜ ብሞክር የበለጠ ደበዘዘ። መጨረሻ ላይ ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ፣ ሳትንቀሳቀስ የተቀመጠችበትን ቦታ ፈልጌ ፎቶ አወጣሁላቸው። ጥርት ያለ ነበር፤ የቅንድቧ ፀጉር ይቆጠራል።

እናትየው ተቀብለው አዩት።

"እቺማ የሰው ሙሽራ ናት። የኔ ልጅ ቤቷ ውስጥ እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም። ካሴቱስ የት አለ?"

"ካሴቱ ተበላሽቷል እማማ" አለ ባለቤቱ።

"አልተበላሸም" አልኩ። "ሌላ ሠርግ ተቀድቶበታል።"

ባለቤቱ ዞሮ አፈጠጠብኝ። እሳቸው ግን እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት።

"ያን ጊዜ ቢሆን ይስተካከል ነበር?"

"ይስተካከል ነበር።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሳታደርጊው ቀረሽ?"

"አፈርኩ" አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሲዲውን ቀስ ብለው በሻርፑ መልሰው ጠቀለሉ።

"ልጄም አፈረች" አሉ። "ከወለደች በኋላ ደም ሲፈሳት አማቷን መጥራት አፈረች። ሲነጋ ነው ያገኟት።"

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ተነሱ። እስከ በሩ ተከተልኳቸው፣ ግን ይቅርታ ማለት እንኳን አልቻልኩም። ቁልቁለቱን ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

ስመለስ ባለቤቱ "ደንበኛ ፊት ማን ተናገሪ አለሽ?" አለኝ። መወልወያዬን አነሳሁ። ፎቶውን አንስቶ ገልብጦ አየው፤ ወደ መስኮቱ አስጠግቶም አየው። ከዚያ ናሙና በምንለጥፍበት ሰሌዳ ላይ፣ መንገደኛ እንዲያየው አድርጎ ለጠፈው። ከሥራዎቻችን ሁሉ እንደሱ የጠራ አልነበረም።