በብርድ ያጠነከርኳቸው ብሎኖች

ሰሞኑን ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ምሳ ሊበላ ቤቴ መጥቶ፣ «አክስቴ፣ ብረትን በኃይለኛ ብርድ ማጠንከር የሚባል አዲስ ነገር አሳዩን» አለኝ። ሽሮውን እየጨለፍኩለት ሳቅሁ። አዲስ! እኔ እዚሁ አዳማ የሠራሁት እሱ ሳይወለድ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ አንድ ጋራዥ ውስጥ በቶርኖ ብረት እቀርጽ ነበር፤ ከሠራተኛው ሁሉ ሴት እኔ ብቻ። ባለቤቱ ጋሽ ደጀኔ ሥራዬን አይነቅፉም፣ ቶርኖው ፊት መቆሜን ግን አይወዱትም። መለዋወጫ መሸጫው ላይ ብቀመጥ ደስ ይላቸው ነበር።

በዚያ ሚያዝያ ሐጂ ከማል የሚባሉ ገበሬ ከአቦምሳ መጡ። የትራክተራቸውን ማረሻ የሚይዙት ብሎኖች ድንጋያማው መሬት ላይ በየሳምንቱ እየተቆረጡ፣ ማሳው ሳይታረስ ክረምቱ ሊደርስባቸው ነው። እኔ ደግሞ በእሳት የጠነከረ ብረት በኃይለኛ ብርድ ቢያልፍ ይበልጥ እንደሚጠነክር መምህራችን የነገሩን ትዝ አለኝና ተናገርኩ። እንኳን ብርድ፣ ጥላ በማይገኝባት አዳማ ይህን ማለት ድፍረት ነው።

«ብረት በብርድ ሲጠነክር የት አየሽ?» አሉ ጋሽ ደጀኔ።

«ይፍቀዱልኝና ላሳይዎት።»

«ከተሰበረ ግን ቶርኖውን ለቀሽ መሸጫው ላይ ትቀመጫለሽ።»

«እሺ። ካልተሰበረስ?»

ፊታቸውን አዙረው ወደ መሸጫው ሄዱ።

ብርዱን ያገኘሁት ከላም አዳቃዩ ከታደለ ነው። የኮርማ ዘር የሚያቆይበትን፣ ናይትሮጅን የሚሉት እንደ ውሃ የሚፈስ ብርድ ያለበትን ዕቃ በሞተር ሳይክል ይዞ ይዞራል። በቶርኖ ቀርጬ በእሳት ያጠነከርኳቸውን ብሎኖች ሲያይ፣ «እነዚህ ደግሞ ከየትኛው ኮርማ ሊወልዱ ነው?» ብሎ አሾፈብኝ። ያም ሆኖ የተረፈውን ሰጠኝ።

የመጀመሪያውን ብሎን ድንገት ብነክረው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ጋሽ ደጀኔ አይተው ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ታደለ ግን፣ «ዘሩንም ሲያቀዘቅዙት መጀመሪያ ከዕቃው አፍ በሚወጣው ቀዝቃዛ ጭስ ላይ ያቆዩታል እንጂ ድንገት አይነክሩትም» አለኝ። የቀሩትን በሽቦ አንጠልጥዬ ጭሱ ላይ አቆየሁና ቀስ እያልኩ አወረድኳቸው። ከዚያ እንዳይሰባበሩ እንደገና መሞቅ ነበረባቸው፤ የሰፈራችንን ዳቦ ጋጋሪ ለምኜ ከዳቦው ጋር ምድጃ ከተትኳቸው። ዳቦ ዳቦ የሚሸቱ ብሎኖች ይዤ ስመለስ ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ሐጂ ግን ይዘዋቸው ሄዱ።

ሰኔ ላይ ጫማቸው ጭቃ እንደለበሰ መጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማሳው አለቀ፣ ብሎኖችሽ አላለቁም። ሌላ ሥሪልኝ» አሉ።

ጋሽ ደጀኔ ለብቻዬ ጠሩኝ። «በቃ፣ ቶርኖው ያንቺ ነው። ለደንበኛ ግን እኔ ነኝ የሠራሁት እንበል። የሴት ሥራ ነው ካልን ማን ይገዛናል?»

«ሐጂ የሴት ሥራ መሆኑን እያወቁ አርሰውበታል እኮ! አይሆንም።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

ቱታዬን አውልቄ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ በየሰው ጋራዥ ብዙ ዓመት ተንከራትቻለሁ። «ምን ነበረበት፣ አንዴ እሺ ብትያቸው?» የሚሉኝ ዛሬም አሉ። ያንን ቶርኖ እወደው ነበር፤ ትቼው ስወጣ መንገድ ላይ አልቅሻለሁ። ቢሆንም ነገ ቢጠይቁኝ መልሴ ያው ነው። እጄ የሠራውን አፌ አይክድም።