የእንፋሎት ሻጯ

ከምሠራበት ሕንፃ ሥር ባለች ሱቅ ቬፕ የሚሉትን በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ ትሸጣለች። ልብሷ የእንጆሪ ከረሜላ ይሸታል። ደንበኛ ሲያመነታ ራሷ ሳብ አድርጋ በአፍንጫዋ ታወጣዋለች። "ጭስ መሰለህ እንዴ? እንፋሎት እኮ ነው" ትላለች ፈገግ ብላ። የሱቁ ባለቤት፣ ሻጭ ካልሳበች ዕቃው አይሸጥም ባይ ነው። ደንበኛው ሲወጣ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ እስኪያልባት ታስላለች።

ባለፈው እናቴን ለሳንባ ምርመራ ስወስድ ሻጯን እዚያው ወረፋ ይዛ አገኘኋት። ነርሷ "ታጨሻለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ኧረ እኔ አላጨስም። ሥራዬ ሆኖ ነው።"

"ታዲያ ሥራውን ተዪዋ።"

"ልጆች አሉኝ እኮ፣ እህቴ።"

ወዲያው አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ከእናቷ ጋር ገብታ አጠገባችን ተቀመጠች። ትንፋሿ እንደ አሮጊት ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሻጯን ስታይ ደንግጣ አቀረቀረች። እናትየው ይህን አይታ ኖሮ፣ "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አለች።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"በሰፈር ነው፣ እትዬ" አለች ሻጯ። "ጨዋ ልጅ ናት።"

እናትየው ፊቷ በራ። "ተባረኪ። አደራሽን፣ ስትወጣ ስትገባ እንደ ታናሽ እህትሽ እያት።"

"እሺ፣ እትዬ" አለች ሻጯ፤ ልጅቷን ግን ቀና ብላ አላየቻትም።