ያልደረቀው ወለል

ኤደን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በጸሐፊነት ከተቀጠረች ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ያቺን የጽዳት ሠራተኛ ግን አንድም ቀን አምናት አታውቅም። ሴትየዋ በየማለዳው ከጀጎል ግንብ ፈላና በር በእግሯ ትመጣለች። ሰማያዊ ጋዋኗን እስከ አንገቷ ትቆልፋለች፤ የሐረር ፀሐይ እንኳ አንዲት ቁልፍ አያስፈታትም። ሌላውን ቢሮ ሁሉ በጥድፊያ ትጨርስና የኤደን ኃላፊ በር ላይ ስትደርስ እጇ ይንቀረፈፋል፤ በተለይ ሴት ሠራተኛ ከገባች። ባልዲዋን ደፉ ላይ ታስቀምጥና ያንኑ ቦታ ደጋግማ ትወለውላለች።

ኤደን ሴትየዋን ወሬ ለቃሚ ናት ብላ ደምድማለች። ስትጠጋት የጀመረችውን ጨዋታ ታቋርጣለች። አንድ ቀን አላስችል ብሏት፣ "እትዬ፣ እዚህ በር ላይ ምን አለ?" አለቻት።

"አቦ ተይኝ። እኔ ይህን ቢሮ በሩ ተዘግቶም አውቀዋለሁ" አለች ሴትየዋ፣ ቀና ሳትል።

ዛሬ ከሰዓት ኃላፊው ኤደንን አስጠሯት። "ግቢ፣ በሩን ዝጊው" አሏት። ልትዘጋ ዞር ስትል ባልዲው ደፉ ላይ ተቀምጧል።

"አይዘጋም ጌታዬ፤ ወለሉ አልደረቀም" አለች ሴትየዋ ከውጭ።

ኤደን ወለሉን አየች፤ ጠብታ ውኃ የለበትም። ባልዲውም ባዶ ነው።