ሰባተኛው ስልክ

አክስቴ በአንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ንድፎቹ በሙሉ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ስለሚቀመጡ፣ አካውንቱን የትኞቹ ስልኮች እንደሚከፍቱት የምትከታተለው እሷ ናት። ወር በገባ ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፤ እሷ አካውንቱ ከሚያሳየው የስልኮች ዝርዝር ጋር ታመሳክራለች። «አሮጌውንስ ለማን ሰጠኸው?» ብላ ስልክ የቀየረውን ሁሉ ታፋጥጣለች። ራሷን ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ዘበኛዋ፣ ጥርሴንም ቁጠሪልኝ» ይላት ነበር አንዱ ንድፍ አውጪ።

«ያንተ ጥርስማ መች ተከድኖ ያውቃል! ቆጥሬ ጨርሻለሁ።»

ይህ ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በቅርቡ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ። በወሩ ቆጠራ ጠረጴዛው ላይ ስድስት ስልክ፣ ዝርዝሩ ላይ ሰባት ሆነ። ሰባተኛው በየማለዳው ንድፎቹን ይከፍታል።

«ከሄደው ሰውዬ ሌላ ማን ይሆናል?» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«እሱ ሳይሆን አይቀርም» አለች አክስቴ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰውዬው አዲስ ቢሮ ደውሎ ንድፍ ይሰርቀናል አለ። ሰውዬውን በዚያው ቀን ከሥራ አገዱት።

ቅዳሜ አያቴን ልንጠይቅ አብረን ሄድን። አያቴ ግንበኛ ነበር፤ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ከአልጋ አይወርድም። አክስቴ በዚያው ወር አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለእሱ ሰጥታው ነበር።

«ነይ እስቲ አንቺ» አላት ስልኩ ላይ የተከፈተ የቤት ንድፍ እያሳያት። «ይሄ ደረጃ ቁልቁለት ነው፤ ሰው ይገድላል። ንገሪያቸው።»

«አባዬ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትልኪልኝ? ጠዋት ጠዋት አያለሁ።»

አንድ ሽማግሌ ከአልጋው ሳይነሳ፣ ገና ባልተገነቡ ቤቶች ውስጥ እየተዘዋወረ መክረሙ እስካሁን ይገርመኛል። ያን ጊዜ ግን የአክስቴን ፊት ነበር የማየው። ደም መሰለ። አንዴ ብትነካው አካውንቱ ከዚያ ስልክ ላይ ይጠፋል፤ ማንም አያውቅባትም። ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። ከዚያ አባቷን ቀና ብላ ሳታይ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«የት ትወስጂብኛለሽ?» አለ አያቴ። ቦርሳዋን ዘግታ ተነሳች።

ሰኞ ስልኩን ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። «ለቢሮው እኔ እደውላለሁ» አላት። «ለሰውዬው ግን አንቺው ንገሪው።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ክንዴን ይዛኝ ወደ ሰውዬው ቤት ሄድን። በሩን ራሱ ከፈተ።

«ግቢ።»

«አልገባም። ቆሜ ልንገርህ።» ነገረችው። ስትጨርስ ሰውዬው ወደ ውስጥ ዞሮ ሚስቱን ጠራ።

«ነይ። ሌባ የተባልኩት ለምን እንደሆነ አንቺም ስሚ።»

ሚስቱ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣችና ደጃፉ ላይ ቆመች። ልጆቹም ከኋላዋ ብቅ አሉ። አክስቴ የእኔን ክንድ ለቀቀችና ከመጀመሪያው ጀመረች።